ወንጪ ለማደር ምን እንያዝ?

በዚህ እትም የ«እንማማር» አምድ ተረኛ እኔ ነኝ። የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን ከግማሽ ዓመት ፈተና በኋላ ወደ ወንጪ ስለሚያደርገው ጉዞ፣ በተለይ ደሞ ስለምንይዘው ጓዝ ልጽፍላችሁ ነው። ጉዞው እንደ አምናው አንድ ሌሊት ማደር አለው። ማደር ማለት ጠዋት ሄዶ ማታ ከመመለስ በጣም ይለያል።

ወደ ትምህርቱ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ የማፍርበትን ነገር ልናገር። አምና የክበቡ ጸሐፊ ነበርኩ። ቲቸር «ልጆቹ ይዘውት የሚመጡትን ዕቃ ዝርዝር ጽፈሽ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፊ» አሉኝ። እኔም በወንድሜ ስልክ ከኢንተርኔት ፈልጌ፣ የውጭ አገር ልጆች ተራራ ላይ ለማደር ሲሄዱ የሚይዙትን ቁጭ አድርጌ ገለበጥኩት። የመኝታ ከረጢት፣ የተራራ ቡትስ ጫማ፣ ውሃ የማያስገባ ጃኬት፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ የሚጠቀለል ፍራሽ፣ ምናምን። ጠቅላላ 16 ዕቃ ነበር። በቀይና በሰማያዊ እስክርቢቶ አሳምሬ ጻፍኩትና ከላይ «ያላሟላ አይሄድም» ብዬ አሰመርኩበት። ይህቺን የመጨረሻዋን ማንም አላዘዘኝም፤ የራሴ ጭማሪ ነች።

31 ልጆች ተመዝግበን ነበር። የጉዞው ቀን ጠዋት የመጣነው 19 ነን። ከቀሩት ውስጥ አንዷ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ነች። «እናቴ ስላመማት ነው» አለችኝ፤ እኔም አመንኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ሰኔ ላይ ይመስለኛል፣ «ከ16ቱ ዕቃ እኛ ቤት ያለው ሁለቱ ብቻ ነበር» አለችኝ። እኔ ራሴ እኮ ያሟላሁት አምስቱን ነበር! ጸሐፊ ስለሆንኩ ማንም አልጠየቀኝም። ሄደን ስናይ ደሞ ከ16ቱ ግማሹ ምንም አላስፈለገም፤ በጣም ያስፈለገን ነገር ግን ዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም።

ስለዚህ ይህንን ጽሑፍ የዚያ ዝርዝር እርማት ብላችሁ አንብቡልኝ።

ወንጪ የት ነው?

ላላያችሁት ትንሽ ልንገራችሁ። ወንጪ ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ፣ ከእኛ ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ተራራ ነው። ድሮ እሳተ ገሞራ የነበረ ሲሆን አናቱ ላይ ትልቅ ጉድጓድ ቀርቷል። ጉድጓዱ ውስጥ ሐይቅ አለ፤ ሐይቁ መሃል ደሴት አለ፤ ደሴቱ ላይ ደሞ የቂርቆስ ገዳም አለ። ከሐይቁ በታች ፍል ውሃ ይፈልቃል። ገደሉ ሥር እንሰት የተከሉ፣ ንብ የሚያንቡ ሰዎች ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ መርጧታል። አምና አንዳንድ ልጆች «ደንዲ ይሻላል» ብለው ነበር። ደንዲም በጊንጪ በኩል የሚገኝ፣ ከላይ ሲታይ 8 ቁጥርን የሚመስል ሐይቅ ያለበት የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው። ድምፅ ሲሰጥ ወንጪ አሸነፈ። ከዚህ በታች የምጽፈው ግን ለደንዲም ይሠራል፤ ሁለቱም ቦታ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ሁለቱም ቦታ ይበርዳል።

ብርዱ ከየት ይመጣል?

አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለችው። ወንጪ አፋፉ ላይ ስትቆሙ ከ3,000 ሜትር አልፋችኋል። በሳይንስ ትምህርት እንደተማርነው፣ ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በ0.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀንሳል። እስቲ እናስላው። ልዩነቱ 1,000 ሜትር ቢሆን፣ 1,000 ለ100 ሲካፈል 10፤ 10 በ0.6 ሲባዛ 6 ዲግሪ ነው። አምቦ ሌሊት 10 ዲግሪ ከሆነ፣ ወንጪ አፋፍ ላይ 4 ዲግሪ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በዚያ ላይ ጥር ውስጥ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ደመና እንደ ብርድ ልብስ ነው፤ ከሌለ መሬት ቀን የሰበሰበችው ሙቀት ሌሊቱን ወደ ላይ ይሄድባታል። ጠዋት ስንነሳ ሣሩ ላይ ነጭ ውርጭ አይተናል። ከመሃላችን አንዱ «ጨው ፈሰሰ እንዴ?» ብሎ በጣቱ ነክቶ ቀምሷል። (ስሙን አልጽፍም፤ ራሱን ያውቃል።)

ታዲያ ብርዱን የሚከለክለው ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ልብስ ራሱ ሙቀት የሚሰጥ ይመስለናል። ልብስ ሙቀት አይሰጥም። ሙቀቱ የሚወጣው ከእኛው ሰውነት ነው፤ ልብሱ የሚሠራው ሥራ በክሮቹ መሃል አየር ይዞ ሙቀቱ እንዳያመልጥ ማድረግ ነው። ጋቢ የሚሞቀው ለዚህ ነው። በእጅ የተፈተለ ክር ለስለስ ያለ ስለሆነ አየር ይይዛል፤ በዚያ ላይ አራት እጥፍ ሆኖ ነው የሚሰፋው። አራት እጥፍ ሲሆን በየመሃሉ ሌላ አየር አለ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ወፍራም ጃኬት የሌለው ልጅ አይጨነቅ። ካናቴራ፣ ከላዩ ሸሚዝ፣ ከላዩ ሹራብ፣ ከላዩ ጋቢ ብትደራርቡ ከአንድ ውድ ጃኬት ይበልጣል እንጂ አያንስም። ሲሞቃችሁ ደሞ አንዱን ታወልቃላችሁ፤ ጃኬቱን ግን ግማሹን ማውለቅ አይቻልም።

ጋቢ አንድ ጠላት አለው፤ ውሃ ነው። ጥጥ ሲረጥብ አየሩ የነበረበት ቦታ በውሃ ይሞላና ያቀዘቅዛል፤ ይከብዳል፤ ቶሎ አይደርቅም። ሱፍ እንደዚያ አይደለም፤ ረጥቦም ትንሽ ይሞቃል። በሰሜን ሸዋ በብርዳማው መንዝ ሰዎች ከበግ ፀጉር ባና የሚሠሩትና የሚለብሱት ያለ ምክንያት አይደለም። እቤታችሁ የሱፍ ሹራብ ወይም የሱፍ ኮፍያ ካለ ከሁሉ አስቀድማችሁ እሱን ያዙ። ከሌለም ጋቢያችሁን ከውሃ መጠበቅ ነው። ዘዴውም ቀላል ነው፤ ፌስታል። ቦርሳው ራሱ ውሃ ያስገባል ብላችሁ አስቡና የምትለብሱትን ሁሉ በፌስታል ቋጥራችሁ ቦርሳ ውስጥ ክተቱ። ሁለት ፌስታል ደራርባችሁ ብትቋጥሩ ቦርሳው ሐይቅ ውስጥ ቢወድቅ እንኳን ልብሱ ሊተርፍ ይችላል። ፌስታሎቹን ቆጥራችሁ ወስዳችሁ ቆጥራችሁ መልሱ። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ሆነን ሐይቅ ዳር ፌስታል ጥለን ብንመጣ ምን ይባላል?

ሌላው የመኝታ ልብስ ነው። ቀን ስትወጡና ስትወርዱ ያልባችኋል። ላቡን የጠጣ ካናቴራ እንዳደረጋችሁ ብትተኙ ሌሊት እንደ በረዶ ይሆንባችኋል። አንድ ደረቅ ካናቴራና አንድ ደረቅ ካልሲ ለመኝታ ብቻ ብላችሁ ለዩ። ቀን የፈለገ ቢመጣ እንዳትነኳቸው።

ከሥር ነው ወይስ ከላይ?

አሁን አምና ያላወቅነውን ትልቁን ነገር ልንገራችሁ። የተከራየነው ድንኳን ውስጥ የሸራ ምንጣፍ ብቻ ነበር። እኛ ሴቶቹ ስምንት ነበርን። ያመጣነውን ብርድ ልብስና ጋቢ ሁሉ ከላይ ደረብነው፤ አምስት ስድስት ድርብ ሆነ። ግን ተንቀጠቀጥን! ከላይ ከብዶናል፣ ከሥር ይበርደናል። አንዷ ማልቀስ ጀመረች። ቲቸር ወጥተው እሳት ሊያነዱ ሲሉ፣ ድንኳኑን የሚጠብቁ አንድ አባት ድምፅ ሰምተው መጡ። ባትሪ አበሩና አዩን። «ኢጆሌ» አሉ፤ ልጆች ማለታቸው ነው። ከዚያ በኦሮምኛ «ብርዱ ያለው ከሥራችሁ ነው፣ እናንተ የምትደርቡት ከላያችሁ ነው» አሉንና ሄደው ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ ገለባ ይዘው መጡ። ገለባውን አነጠፍን፣ ማዳበሪያዎቹን ቀደን ከላዩ ዘረጋን፣ ከላይ ከነበረውም ግማሹን ወደ ሥር አደረግነው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ የሚያወራ እንኳን አልነበረም፤ ሁላችንም ተኝተናል።

ነገሩ ሳይንስ ነው። ቀዝቃዛ መሬት ላይ ስንተኛ ሙቀታችን በንክኪ ወደ መሬቱ ይሄዳል። ከሥራችን ያለው ልብስ ደሞ በክብደታችን ስለሚጨፈለቅ አየሩን ያጣል። ገለባ ግን ቶሎ አይጨፈለቅም፤ አገዳው ራሱ ባዶ ስለሆነ በአየር የተሞላ ነው። የውጭ አገር ልጆች የሚጠቀለል ፍራሽ የሚይዙት ለዚህ ነበር ማለት ነው። እኔ ዝርዝሩን ስገለብጥ ለምን እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ቢገባኝ ኖሮ «የሚጠቀለል ፍራሽ» በማለት ፋንታ «ባዶ ማዳበሪያ» ብዬ እጽፍ ነበር። ባዶ ማዳበሪያ የሌለው ቤት አምቦ ውስጥ አለ? ገለባውን እዚያው እናገኛለን፤ ዘንድሮ ቲቸር ቀድመው ይነጋገራሉ።

ጫማ

እዚህ ላይ የተጎዳሁት እኔ ነኝ። አባቴ ለጉዞው ብሎ አዲስ ሸራ ጫማ ገዛልኝ። እንዳይቆሽሽብኝ ብዬ እስከ ጉዞው ቀን በካርቶኑ አስቀመጥኩት። ከአፋፉ ወደ ሐይቁ ወርደን ሳናበቃ ሁለቱም ተረከዞቼ ውሃ ቋጠሩ። መውጫውን በፈረስ ነው የወጣሁት፤ የፈረሱን ኪራይ ቲቸር ከኪሳቸው ከፈሉልኝ። ጓደኞቼ አሮጌ ጫማ አድርገው እየዘለሉ ይወጡ ነበር።

ስለ ጫማ ስናወራ አበበ ቢቂላን ሳናነሳ አንልፍም። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ ብዙ ሰው ጫማ ስላልነበረው ይመስለዋል። የቀረበለት ጫማ እግሩ ላይ ስላልተመቸው ነው የተወው። በባዶ እግሩ መሮጥ ለምዷል፤ አዲሱን ጫማ ግን አልለመደውም። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ደግሞ አሸነፈ። እኔ አበበን ሳላማክር ነው የሄድኩት!

ስለዚህ ለጉዞ ብላችሁ አዲስ ጫማ አታስገዙ። ከገዛችሁም ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምራችሁ ትምህርት ቤት እየመጣችሁበት አለስልሱት። ኮንጎ ጫማ ያላችሁ፣ ኮንጎ ይበቃል ወይ ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። ወፈር ባለ ካልሲ ካደረጋችሁት ይበቃል፤ ቶሎ ይደርቃል፤ ድንጋይም ይችላል። ጠዋት ጤዛ ያለበት ሣር ላይ ግን ያንሸራትታል፤ ያኔ ዱላ መያዝ ነው። ዱላ ለሌላውም ይጠቅማል፤ ቁልቁለት ላይ ጉልበትን ያሳርፋል። ሁለት ጥንድ ካልሲ ለቀን፣ አንድ ጥንድ ለመኝታ። ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ቀን የእግር ጥፍራችሁን ቁረጡ። ቁልቁለት ላይ ጣት ከጫማው ጫፍ ጋር ስለሚጋጭ፣ ረጅም ጥፍር በጣም ያማል። ውሃ የቋጠረ እግር አይፈነዳም፤ ፕላስተር ተደርጎበት ይጠበቃል። እኔ አፈንድቼው አንድ ሳምንት አነከስኩ።

ስንቅ

ስንቅ ላይ ከውጭ አገር የምንማረው ብዙ ያለ አይመስለኝም። አያቶቻችን ረጅም መንገድ ሲሄዱ የሚይዙት ነገር ሁሉ ሦስት ነገር ያሟላ ነበር። ይቀላል፤ አይበላሽም፤ እሳት አይፈልግም። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ። እዚህ በእኛ አካባቢ ደሞ ጭኮ አለ። የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅመም በነጠረ ቅቤ ሲታሽ ውሃ ስለሌለበት ቶሎ አይበላሽም፤ ቅቤው ደሞ ለብርድ ብዙ ጉልበት ይሰጣል። አንድ ኩባያ ጭኮ ይዛ የመጣች ልጅ ሁለት ቀን ጠግባ ዋለች። በዕቃ ሽሮ ወጥ ይዞ የመጣው ልጅ ግን መኪናው ሲንገጫገጭ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ሽሮው ሹራቡንም ብርድ ልብሱንም አለበሰው። ሌሊቱን ሁሉ ድንኳናቸው ሽሮ ሽሮ ሲል አደረ አሉ። ወጥ አትያዙ።

ውሃ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሊትር በሃይላንድ እንይዛለን። ያለቀበት እዚያ ቀድቶ አፍልቶ ይጠጣል። የምንጩ ውሃ ጥርት ያለ ቢሆንም ሳይፈላ አይጠጣም፤ ከላይ ከብት ይውላል። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ውሃ ባሕር ወለል ላይ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ ውሃው ቀድሞ ይፈላል። 3,000 ሜትር ላይ 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይንተከተካል። ስለዚህ ሲንተከተክ ወዲያው አታውርዱት፤ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። ባቄላ ወይም ድንች እንቀቅላለን የምትሉም ከእቤት የበለጠ እንጨትና ትዕግሥት እንደሚፈልግ እወቁ። ቀቅላችሁ መምጣት ይሻላል።

እግረ መንገዴን፣ «የአምቦ ልጅ ሆኜማ» ብላችሁ አምቦ ውሃ በጠርሙስ አትያዙ። ጠርሙሱ ከባድ ነው፤ ከተሰበረም ቦርሳ ውስጥ አደጋ ነው። ደሞ መንገድ ላይ ሲወዛወዝ ቆይቶ፣ ግፊቱ አነስተኛ የሆነበት ከፍታ ላይ ሲከፈት የሚሆነውን አምና አይተናል። ግማሹ ቲቸር ፊት ላይ ነው የፈሰሰው።

ቦርሳውና ሚዛኑ

ልጆች ተሸክመው የሚሄዱት ጓዝ ከሰውነታቸው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ቢሆን ይመከራል። እኔ 38 ኪሎ ነኝ። አሥር በመቶው 3.8 ኪሎ፣ አሥራ አምስት በመቶው 5.7 ኪሎ ነው። አምና ስመለስ ቦርሳዬን ሰፈራችን ያለ ሱቅ ሚዛን ላይ ብሰቅለው 9 ኪሎ ሆነ! ያውም ስንቁና ውሃው አልቆ። ምን ነበረበት መሰላችሁ? ሦስት ሱሪ፣ የሳይንስ መጽሐፍ (ለምን እንደያዝኩት አላውቅም)፣ አንድ ሙሉ የልብስ ሳሙና፣ ትልቅ መስታወት። ዘንድሮ እንደገና መዘንኩ። ጋቢዬ ፌስታሉን ጨምሮ 2 ኪሎ ነው። ሁለት ሊትር ውሃ 2 ኪሎ ነው፤ አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ መሆኑን ታውቃላችሁ። ስንቅ ሦስት ሩብ ኪሎ፤ ቅያሪ ልብስ ግማሽ ኪሎ፤ ቦርሳው ራሱ 400 ግራም። ሲደመር 5.65 ኪሎ። ለጥቂት ነው ያለፍኩት! ሹራቡን ለብሼው ስለምሄድ አልቆጠርኩትም።

የትምህርት ቤት ቦርሳ ይበቃል። ከባዱን ነገር፣ ማለትም ውሃውን፣ ወደ ጀርባችሁ አስጠግታችሁ መሃል ላይ አድርጉት። ወደ ውጭ ከሆነ ወደ ኋላ ይጎትታችኋል፤ ከታች ከሆነ ወገብ ላይ ይንጠለጠላል። እናቶቻችን ሕፃን ሲያዝሉ እንዴት እንደሚያደርጉ ተመልከቱ። ከፍ አድርገው፣ ጀርባ ላይ አጣብቀው፣ ጠበቅ አድርገው ነው የሚያዝሉት። የቦርሳውም ሕግ ይኸው ነው። ቦርሳ የሌለው ልጅ ጋቢውን በማዳበሪያው ጠቅልሎ ሁለት ጫፉን በገመድ አስሮ በሁለቱም ትከሻ ማንገት ይችላል። ገመዱ ትከሻ እንዳይቆርጥ ከሥሩ የታጠፈ ጨርቅ ይደረግበታል። በእጅ የሚያዝ ሻንጣ ግን አይሆንም። አምና የአክስቱን ሻንጣ ይዞ የመጣ ልጅ ነበር። ቁልቁለቱን በጭንቅላቱ ተሸክሞ ወርዶ፣ አቀበቱን አራት ልጆች ተፈራርቀን አወጣንለት።

ሁሉም ሰው ሁሉንም ነገር መያዝ የለበትም። በአምስት አምስት ተቧድነን፣ አንዱ ድስት፣ አንዱ ቢላ፣ አንዱ ክብሪትና ባትሪ፣ አንዱ ሳሙናና ሶፍት፣ አንዱ ፕላስተርና ኦአርኤስ ይይዛል። ክብሪት በፌስታል ይቋጠር። እያንዳንዱ ሰው ለብቻው መያዝ ያለበት ኩባያ፣ መፋቂያ ወይም የጥርስ ብሩሽ፣ ኮፍያ ወይም ሻሽ ነው። ቀን ፀሐዩ እዚያ ላይ ከእኛ ጋር ካለው ይበረታል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ንፋሱ ስለሚቀዘቅዝ አይታወቃችሁም፤ ማታ አፍንጫችሁ ይላጣል።

እህቶቼ፣ ሞዴስ ያዙ። ቀኑ ባይደርስም ያዙ፤ ለራሳችሁ ባያስፈልግ ለጓደኛችሁ ያስፈልጋል። ያልቻላችሁ ለሴቶች ክበብ ቲቸር በጆሯቸው ንገሯቸው፤ አዘጋጅተዋል። አስም ያለባችሁ ወይም በየቀኑ መድኃኒት የምትወስዱ ደሞ መድኃኒቱን ከመኪናው ጭነት ጋር ሳይሆን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ፤ ለቲቸርም አስቀድማችሁ ተናገሩ። ቀዝቃዛ አየር አስምን ይቀሰቅሳል። ይህንን መደበቅ አያስፈልግም፤ እኔም አስም አለብኝ።

ወርቅ፣ ብዙ ገንዘብ፣ የሰው ልብስ አትያዙ። በተለይ የሰው ልብስ።

አሁን ደሞ ወደዚያ ወደ 16ቱ ዕቃ ልመለስ። የመኝታ ከረጢት ጋቢ ነው። የሚጠቀለል ፍራሽ ማዳበሪያና ገለባ ነው። የተራራ ጫማ እግራችሁ የለመደው ጫማ ነው። ውሃ የማያስገባ ጃኬት፣ ትልቅ ፌስታል ለጭንቅላትና ለክንድ ቀዳዳ ተበጅቶለት ነው፤ ያስቃል፣ ግን ይሠራል። (ትንንሽ ልጆች ግን ፌስታል ፊታቸው ላይ እንዳያጠልቁ፤ አየር ያሳጣል።) የግንባር ባትሪው ለአምስት ሰው አንድ ባትሪ ነው። የተቀሩትን አሥራ አንዱን ሰርዣቸዋለሁ። አዲሱን ዝርዝር ለቲቸር ሳሳያቸው አንድ ነገር ብቻ ጨመሩበት፤ የወላጅ ፈቃድ ፊርማ ያለበት ወረቀት። «ያላሟላ አይሄድም» የሚለው ለዚህ ወረቀት ብቻ ይሠራል። ሌላው ሁሉ ጋቢም ጭምር፣ ከጎደለ ከክበቡ ወይም ከጓደኛ ይሟላል።

የዴስክ ጓደኛዬ ይህንን ጽሑፍ ወደ ንጹሕ ወረቀት ሳልገለብጠው አንብባዋለች። ስለሷ የጻፍኩትን ላጥፋው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «ስሜን እስካልጻፍሽ ድረስ ተዪው» አለችኝ። ትመዘገቢያለሽ ወይ ስላት ግን «አያለሁ» ብቻ ነው ያለችው። ስለ ገብስ ዱቄቱ የማታውቁት ነገር አለ፤ ጭኮ የሚለውን ክፍል ስታነብ «ቅቤው ሲበዛ ብርድ ላይ ይደርቃል፤ አነስ አድርገሽ እሺው በያቸው» ብላ ያረመችኝ እሷ ነች።

ምዝገባው በክበቡ ክፍል ከሰኞ እስከ ሐሙስ በእረፍት ሰዓት ነው። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ደሞ የሞላ ቦርሳችሁን ይዛችሁ እንድትመጡ። ቲቸር የሚሰቀል ሚዛን ተውሰው ያመጣሉ፤ የየራሳችንን ክብደት ክሊኒክ ባለው ሚዛን ቀድማችሁ ተመዝናችሁ ጽፋችሁ ኑ። ከመዘናችሁ በኋላ ቦርሳውን አዝላችሁ ሜዳውን አምስት ጊዜ መዞር አለ። የኔን ቦርሳ መጀመሪያ እንመዝናለን።